ትጥቁ ቀድሞ ገባ

ተሳፋሪ ይዞት አውሮፕላን ላይ የሚወጣ የሊቲየም ባትሪ ልክ አለው። ከ100 ዋት ሰዓት ካለፈ የአየር መንገዱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከ160 ካለፈ ግን ፈቃድ ብሎ ነገር የለም፣ አይጫንም። ሰው ቆሞ የሚነዳው ባለ አንድ ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በላይ ይይዛል፤ ትልልቆቹ ከአሥር እጥፍ ያልፋሉ። ስለዚህ ውጭ አገር የምትኖረው ታናሽ እህቴ የገዛችልኝ ጎማ በመርከብ፣ በጅቡቲ በኩል፣ ከሌላ ሰው የቤት ዕቃ ጋር ተጭኖ እንዲመጣ ሆነ። ሄልሜቱ፣ የእጅ አንጓ፣ የክርንና የጉልበት መከላከያው ግን ለእረፍት በመጣች ጓደኛዋ ሻንጣ ተሸክፎ ከጎማው ወራት ቀድሞ ዲላ ገባ።

ቅደም ተከተሉን ማንም አላቀደውም። እኔ ግን ዛሬ ሞተር ለሚገዛም ሆነ ለልጁ ሳይክል ለሚገዛ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ትጥቁ ይግባ፣ ተሽከርካሪው ይቆይ። ትጥቅ ብቻውን ቤት ውስጥ ሲከርም ሰው ጠጋ ብሎ ያየዋል፣ ያጠልቀዋል፣ ማሰሪያውን ያላላል፣ ያጠብቃል፣ ይለምደዋል። ጎማው አብሮ መጥቶ ቢሆን ኖሮ የቤቱ ሰው ዓይን ሁሉ ጎማው ላይ ያርፍ ነበር።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ጎማው ባሕር ላይ ሳለ፣ ማታ ማታ ተማሪዎች ከወጡ በኋላ፣ ከሜዳው ሣሩ ወፈር ወዳለበት ሄጄ መውደቅ እለማመድ ነበር። ሰው ወደ ፊት ሲወድቅ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። ክብደቱ በሙሉ በመዳፉ በኩል አንጓው ላይ ያርፋል፤ የሚሰበረውም እዚያው ነው፤ ወይ ከአንጓው ከፍ ብሎ ያለው የክንድ አጥንት፣ ወይ ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ትንሿ አጥንት። ይህቺ ትንሽ አጥንት ደም በጥቂቱ ስለሚደርሳት ከተሰበረች ቶሎ አትገጥምም፤ መጀመሪያ በተነሳ ራጅ ላይም ስብራቷ ሳይታይ ሊቀር ይችላል። የአንጓ መከላከያው ከመዳፍ እስከ ክንድ የሚደርስ ጠንካራ ፕላስቲክ አለው። አንጓው ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ ይይዛል፤ መዳፉም መሬት ነክቶ ቀጥ እንዳይል ያንሸራትተዋል። መንሸራተት ጊዜ ይሰጣል፤ ያው ውድቀት በረዘመ ጊዜ ውስጥ ሲከፋፈል አጥንቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይቀንሳል። ይህን ሕግ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስጽፈው የኖርኩት ነው። ሣሩ ላይ ግን በጉልበቴ፣ ቀጥሎ በክርኔ፣ ቀጥሎ በመዳፌ እየተንሸራተትኩ፣ ራሴን ቀና አድርጌ መውረድን አካሌ እስኪያውቀው ደጋገምኩት።

እንዲህ ያጠበቅኩበት ምክንያት አለኝ። ልጅ ሳለን ዲላ ላይ ሳይክል በሰዓት ይከራይ ነበር። ሳንቲም አዋጥተን እንከራይና በየተራ ቁልቁለቱን እንለቀው ነበር። አንድ የሰፈር ጓደኛዬ እንዲህ ሲወርድ ወደቀና እጁን ተሰበረ። ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ጣቶቹ ሲያብጡና ሲቀዘቅዙ፣ ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስ፣ "ሊሽር ሲል ነው፣ ቻለው" ተባለ። ሆስፒታል የደረሰው ዘግይቶ ነው። እጁ ተረፈለት፤ ጣቶቹ ግን ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ አልተጨበጡም። ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ የሸሚዙን ቁልፍ የሚቆልፈው በአንድ እጁ ነው። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ሕፃናት እጅና እግራቸውን ከሚያጡባቸው ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለ የጠበቀ እሰር መሆኑን ደጋግመው ጽፈዋል። ወጌሻ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ወለምታ አሽቶ የሚያሳድር እጀ መልካም ሰው በየሰፈሩ አለ። ነገር ግን ከታሰረ በኋላ ጣቱ የቀዘቀዘ፣ የጠቆረ ወይም የደነዘዘ ልጅ ካለ እሰሩ በዚያችው ሰዓት ተፈትቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ይህን ያልሰማ ወላጅ ካለ ከዚህ ይስማ።

የጎረቤቴ ልጅ ሞተረኛ ነው። ሰው ይጭናል፣ ቡና ይጭናል፣ በመከር ጊዜ እስከ ቡሌ ዳገት ድረስ ይወጣል። የተሰቀለውን ሄልሜት አይቶ አወረደውና አጠለቀው።

"ጋሼ፣ ይሄ ለሞተር ይሆናል?"

"ለሞተር አይበቃም። የሳይክል ነው።"

ለምን እንደማይበቃ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። የአውሮፓ የሳይክል ሄልሜት መመዘኛ ሄልሜቱን የሚፈትነው ከ1.5 ሜትር ገደማ ከፍታ በመጣል ነው፤ መሬት ሲመታ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባለ አንድ ጎማውን ለሚለማመድ ሰው ይህ ይበቃዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ግን ቆሞ ከጠበቀው ግንብ ወይም ከአይሱዙ ኋላ ጋር ሲጋጭ፣ ነጂው ከ6 ሜትር በላይ ከፍታ እንደወደቀ ነው የሚቆጠረው። አገጭን ጭምር የሚሸፍን፣ ማሰሪያው በትክክል የሚቆለፍ የሞተር ሄልሜት ያስፈልገዋል። የሳይክል ሄልሜት ውስጡ ያለው ፎም ደግሞ አንድ ጊዜ ከተመታ ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ከላይ ደህና ቢመስልም ሁለተኛ አያድንም።

ልጁ ሒሳቡ ገብቶታል። የራሱ ሄልሜት ለምን ከሞተሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚውል ስጠይቀው የመለሰልኝ መልስ ግን እስካሁን ያሳስበኛል። "ጋሼ፣ እኔን ሰው የሚጠራኝ ፊቴን አይቶ ነው። ሄልሜት ካደረግኩ ደንበኛዬ አያውቀኝም፣ ሌላውን ይጠራል።" ስለ ሙቀቱ ወይም ስለ ዋጋው ይነግረኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። እንጀራው በፊቱ መታወቅ ላይ የተመሠረተ ልጅ ፊትህን ሸፍን ሲባል ምን እንደሚሆን እስከዚያ ቀን ያሰብኩበት ጉዳይ አልነበረም። ሕጉ ሄልሜት ያስገድዳል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ሄልሜቱ ከእጀታው ወደ ራስ ይወጣል፣ ኬላው ሲታለፍ ተመልሶ ይንጠለጠላል። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል የተደረገ ሄልሜት በአደጋ የመሞትን ዕድል ከ6 እጥፍ በላይ፣ የአንጎል ጉዳትን ደግሞ እስከ 74 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ይህ ሁሉ ጥቅም የሚገኘው ሄልሜቱ ራስ ላይ ሲሆን ነው፤ እጀታ ላይ ሲንጠለጠል ጥቅሙ ዜሮ ነው።

ጎማው በመጨረሻ ደረሰ። ለማያውቀው ላስረዳ። አንድ ጎማ ነው፤ ሞተሩ እዚያው ጎማው እምብርት ውስጥ አለ። በግራና በቀኝ እግር የሚያርፍባቸው ሁለት መርገጫዎች ተዘርግተዋል። መሪ የለውም፣ ወንበር የለውም። ሼን ቼን የተባለ ቻይና ተወልዶ አሜሪካ የሚኖር ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ2011 ገደማ ሶሎዊል ብሎ ለገበያ ያወጣው ነው፤ አሁን እነ ኪንግሶንግ፣ ኢንሞሽንና ቢጎድ የሚባሉ የቻይና ኩባንያዎች በብዛት ይሠሩታል። መጥረጊያ እንጨት መዳፉ ላይ አቁሞ ያየ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፤ እንጨቱ ወደ ፊት ሲያዘነብል መዳፍም ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከሥሩ እየተከተለ ያቆመዋል። ውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ ዘንበል ማለትህን በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይለካል፤ ሞተሩ ያንኑ ያህል ይፈጥንና ከሥርህ ይደርሳል። ወደ ፊት ስታዘነብል ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ስታዘነብል ፍሬን ይይዛል። ግራና ቀኝ ግን የሚረዳህ የለም፤ እሱን ራስህ፣ በፍጥነትህና በወገብህ፣ ትጠብቃለህ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ከባድ ነገር አለ። ሞተሩ የሚነዳህም የሚያቆምህም በዚያው አቅሙ ነው። ፍጥነትህ አቅሙን ከጨረሰው፣ ወይም ባትሪው ደክሞ ሳለ ዳገት ላይ ብትጫነው፣ አንተን ቀጥ አድርጎ የሚይዝበት ኃይል አይተርፈውም። ያን ጊዜ የሚመጣው ውድቀት ማስጠንቀቂያው አጭር ነው፤ ይጮኻል፣ የመርገጫውን ፊት ከፍ ያደርጋል፣ ካልሰማኸው ይለቅሃል። ሳይክል ላይ የሚወድቅ ሰው እጀታ አለው፣ ቢያንስ የሚጨብጠው ነገር አለ። እዚህ ግን መዳፍ ባዶ ነው፤ መዳፍ ባዶ ስለሆነም የአንጓ መከላከያ ከሁሉ በፊት ይመጣል።

ልምምዱን የጀመርኩት በትምህርት ቤቱ አጥር ግንብ ሥር ነው። አንድ እግር መርገጫው ላይ፣ ሌላው መሬት፣ አንድ እጅ ግንቡ ላይ። ጎማው ቅልጥምን ይመታል፤ ጀማሪ ሁሉ ቅልጥሙ የሚጠቁረው በዚህ ነው፤ ወፍራም ካልሲ በላዩ ላይ ካርቶን ጠቅልዬ ታጠቅኩበት። ከዚያ ግንቡን መልቀቅ መጣ። ከዚያ ወደ ግራ መዞር፤ ወደ ቀኝ መዞር ግን እንደ ሌላ ትምህርት ራሱን ችሎ ተጠና፤ አካል አንዱን ጎን ሲያውቅ ሌላውን አብሮ አያውቅም። ተማሪዎቼ በሁለት በኩል ቆመው ትከሻቸውን እየሰጡኝ፣ "ቲቸር፣ ወደ ታች አይመልከቱ! ራቅ አድርገው ይዩ!" ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ዓይን ያረፈበት ቦታ ጎማው ይሄዳል፤ እግርህ ሥር ካየህ እግርህ ሥር ትወርዳለህ። ልጆቹ ይህን ከእኔ ቀድመው ያዩት ከውጭ ሆነው ስለሚያዩኝ ነው። ክፍል ውስጥ ዝም የሚል ልጅ ሜዳው ላይ አስተማሪ ሲሆን ማየት ለእኔ ከጎማው ይበልጥ ደስ የሚል ነገር ነበር።

ለአምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ስወጣም ትጥቁን ሙሉ አደርጋለሁ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ሙዝና አናናስ የሚሸጡ አንዲት እናት በዚያ ሁኔታ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ልጄ! እንዲህ አድርጎ የሰባበረህ ምንድን ነው? ማነው ያሰረህ?"

"አልተሰበርኩም፣ እማማ። እንዳልሰበር ነው።"

ጠጋ ብለው የጉልበቱን መከላከያ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ጠንካራ ነው። "ሳይሰበሩ መታሰር..." አሉና ትንሽ አሰቡ። "በል እንግዲያ፣ ለልጄም ንገርልኝ። ሞተር ነው የሚነዳው። እስኪገባ ድረስ እንቅልፍ የለኝም።"

ዲላ ማታ ላይ ስንት እናት እንዲህ ነቅታ እንደምትጠብቅ አላውቅ። ሞተር ሲሰማ ቆጥራ፣ የልጇ ድምፅ አለመሆኑን ለይታ፣ እንደገና የምትጠብቅ እናት።

በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ካገደ ጀምሮ በየመንገዱ ኤሌክትሪክ ኤሌክትሪክ ይባላል፤ የኤሌክትሪክ ሞተርም እየታየ ነው። መልካም ነው። ነዳጅ ፍለጋ ተሰልፎ መዋል የሚያውቅ ሰው ይህን አይጠላም። ቤንዚን በባትሪ ሲተካ ግን የራስ ቅል አይተካም፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር ድምፅ ስለሌለው ደግሞ እግረኛው ሳይሰማው ይደርስበታል። ስለ ባትሪው የሚወራውን ያህል ስለ ሄልሜቱም ቢወራ እወዳለሁ።

ባትሪን ካነሳሁ አይቀር፣ ዲላ ያስተማረችኝን ልንገር። እዚህ መብራት ሲመጣ ያለ የሌለውን ቻርጅ ማድረግ የሁላችንም ልማድ ነው፤ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅማ። አንድ ሌሊት መብራት አድሮ ጎማዬ ጢም ብሎ ሞልቶ አገኘሁት። ጠዋት ከቤቴ ወደ መናኸሪያው የሚወርደውን ቁልቁለት ስጀምር ብዙም ሳልርቅ ጮኸ፤ መርገጫው ፊቱን አነሣ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ያመርታል፤ ያመረተውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን መግቢያ የለውም። ወረድኩ፤ ጎማውን በእጀታው ይዤ ሜዳ እስክደርስ በእግሬ ሄድኩ። ደልዳላ አገር ያለ ነጂ ይህን ሳያውቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ዲላ ያለችበት ጌዴኦ ግን የስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ አገር ነው፤ ዲላ 1,500 ሜትር ከፍታ አለፍ ብላ ተቀምጣለች፣ ቡሌ ከራሷ በላይ ደጋው ላይ ናት። ከላይ ለሚነሣ ሰው ቤቱ እስኪደርስ ቁልቁለት ነው። አሁን 80 በመቶ ገደማ ሲደርስ እነቅላለሁ፤ ሌሊት መብራት ካለ ልጄ ተነሥታ ትነቅልልኛለች።

ትልቁ ውድቀት የመጣው በጥቅምት ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። ከዲላ ወደ ደቡብ ስትወጣ ወናጎ፣ አለፍ ሲል ይርጋጨፌ ነው። በማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ እስከ ወናጎ ሄጄ ልመለስ አሰብኩ። መንገዱ ራሱ ያስወጣል። በሁለቱም በኩል ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመንና ቅጠላ ቅጠል፤ ቤቱ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ነው ያለው፤ ጭሱን ካላየህ ሰው መኖሩን አታውቅም። በኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ይህ ነው ብትባል ጫካ ብቻ ነው የሚታይህ። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህን አኗኗር፣ ሳይቆረጡ የኖሩትን የተከበሩ ደኖችና በየሸንተረሩ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች አይቶ ነው። ከወናጎ ብዙ የማይርቀው ቱቱ ፈላ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉበት። ተማሪዎቼን ይዤ ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን ባያቸው አልጠግባቸውም።

ወቅቱ ቀይ ቡና የሚለቀምበት ነው። ሌሊት ዘንቧል። ከእርሻ መንገድ የወጡ አይሱዙዎች ጎማቸው የያዘውን ቀይ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ጥለውት ሄደዋል። ከአንዲት ኩርባ ስወጣ ጭቃው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ ከፊቴ ደግሞ ቡና የተጫነች አህያ አለች። ሁለት ጎማ ያለው አንዱ ቢንሸራተት ሌላው ሊይዘው ይችላል። አንድ ጎማ ሲንሸራተት የሚይዘው የለም። ጎማው ወደ ግራ ሄደ፣ እኔ ወደ ፊት ሄድኩ።

በአየር ላይ ያሰብኩት ነገር የለም። ጉልበቴ ነካ፣ ክርኔ ነካ፣ መዳፎቼ አስፋልቱ ላይ እየፏጩ ተንሸራተቱ። ፕላስቲኩ ሲፏጭ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቆምኩ፤ አህያዋ ሳትደነግጥ አለፈችኝ።

"እኔን! እኔን!" እያሉ ከየጓሮው ሰው ወጣ። ማንም አይታይበት የነበረው ጫካ በቅጽበት ሰው ሆነ። አንዲት ሴት በጣሳ ውሃ ይዛ መጣች፤ ልጆች ጎማውን ከቦዩ አወጡት፤ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው በጣቶቻቸው ከአንጓዬ ጀምረው ወደ ላይ እያዩ፣ "እዚህ ቅርብ ነው ወጌሻው፣ ሳይቀዘቅዝ ይታሽ" አሉ።

"አባቴ፣ አልተሰበርኩም። ይዩት።" ማሰሪያውን ፈትቼ እጄን ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ። የመከላከያው ፕላስቲክ ጫፉ ተፍቆ ሳስቷል፤ ውስጡ ያለው መዳፌ ግን እንደ ነበረ ነው። ሽማግሌው የተፋቀውን ፕላስቲክ ወስደው ለቆመው ሰው ሁሉ እያዟዟሩ አሳዩ፤ በጌዴኡፋ አንድ ነገር አሉና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ "ይህ ሥጋህ ነበር" አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ ጎማ ባለው የመንሸራተቻ ጫማ ሲንሸራተቱ የተጎዱ ሰዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ የአንጓ መከላከያ ያላደረገ ሰው አንጓው የመጎዳት ዕድሉ ካደረገው ከ10 እጥፍ በላይ መሆኑን አግኝተዋል። የክርኑም ቁጥር ወደዚያ ይጠጋል። ቁጥሩን አስቀድሜ አውቀው ነበር። ወናጎ መንገድ ላይ ግን የሽማግሌው አባባል ነው የገባኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጄም ታየሁ፤ ከጉልበቴ እብጠት በቀር ምንም የለም። ሄልሜቱ መሬት አልነካም፤ ነክቶ ቢሆን ኖሮ ይጣል ነበር።

የጎረቤቴ ልጅ ማታ መጣ። የተፋቀውን ፕላስቲክ እያገላበጠ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ፣ "መውደቅ የተለማመዱት ሣር ላይ ነው አይደል፣ ጋሼ? እኛ እኮ ፍሬን እንኳ ተለማምደን አናውቅም" አለኝ። ማግስቱ እሑድ ነበር። ሜዳው ላይ ወጣን።

ሞተረኞቻችን ዘንድ የፊት ፍሬን ይገለብጣል የሚል ፍርሃት አለ፤ ብዙዎቹ የኋላውን ብቻ ይረግጣሉ። የሚሆነው ግን እንዲህ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል፣ የኋላው ይቀላል። የቀለለ ጎማ ፍሬን ሲይዘው ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። ስለዚህ በደረቅ መሬት ላይ ሞተሩን በአጭሩ የሚያቆመው በዋናነት የፊት ፍሬኑ ነው፤ ቀጥ ብሎ፣ ሞተሩ ሳያዘነብል፣ እጀታውን በአንዴ ጨምድዶ ሳይሆን እየጨመሩ ከያዙት። ጭቃና እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ እጅግ በቀስታ። መሬቱ ላይ በኖራ መስመር አሰመርን፤ በኋላ ፍሬን ብቻ የት እንደሚቆም፣ በሁለቱም የት እንደሚቆም ምልክት አደረግን። የሁለቱ ምልክት ልዩነት ላይ ልጁ በእርምጃ ተመላለሰበት። "እዚህ መሃል እኮ ሕፃን ይቆማል" አለ።

ሄልሜት አድርጎ ነው የተለማመደው፤ ሙሉውን፣ አገጩን ሸፍኖ። ስለ ፊቱ መታወቅ ያለኝን አልረሳሁትም፤ አብረን መፍትሔ ፈለግን። ሄልሜቱ ጀርባ ላይ ስሙንና የሰፈሩን ስም በትልቁ በቢጫ ቀለም አጻፈ፣ ግንባሩ ላይም ደገመው። አሁን ሰው ከሩቅ በቢጫው ነው የሚጠራው። ሌሎቹ ሞተረኞች ይህን ሲያዩ የየራሳቸውን ቀለም መረጡ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከመስመሩ ጫፍ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ፣ የአናናስ ነጋዴዋ እናት ልጅም ከመካከላቸው አለ፤ አረንጓዴው የእሱ ነው። ፍሬን ተለማምደው ሲጨርሱ እኔ ጎማዬን ይዤ እገባለሁ፤ ወደ ኋላ መሄድን ነው የያዝኩት፣ እነሱ ናቸው ትከሻ የሚሰጡኝ።

የቀረብን የተሳፋሪው ጉዳይ ነው። ጥቂቶቹ ሁለተኛ ሄልሜት ገዝተው ከኋላ ወንበር ጋር አስረው ይሄዳሉ። የሌላ ሰው ራስ የገባበትን አላጠልቅም ለሚል ተሳፋሪ ከሥሩ የሚደረግ ንጹሕ ጨርቅ ይዘዋል፤ ማታ ይታጠባል። ፀጉር የተሠራች ሴት እምቢ ስትል ለምነው ያሸንፏታል፣ አንዳንዴ ይሸነፋሉ። ሕፃን አዝላ የምትመጣ እናት ስትኖር ግን ለሕፃኑ የሚሆን የለም፤ ገበያ ላይም በዚያ መጠን አላገኘንም። የጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ያለችውን እናት አልጭንም ብሎ ባጃጅ ይጠራላታል፣ ገንዘቡ ይቅርብኝ ይላል። ሌሎቹ፣ ባጃጅ የማይወጣው ዳገት ላይ ያለች እናት በምን ትሂድ፣ የታመመ ሕፃን ይዛስ ቢሆን ይሉታል። ሁለቱም የሚሉት እውነት አለው። በመጪው እሑድም ፍሬኑን ቶሎ ጨርሰን በዚሁ እንከራከራለን።